በአርሲ ደጋ ስለሚሄዱት የመስክ መኪናዎች አካል መለወጥና ስለ ሕጉ

ከአዳማ ተነሥቶ በዴራና በኢተያ በኩል ወደ አሰላ የሚወጣው ጎዳና አስፋልት ስለ ሆነ ማናቸውም ኦቶሞቢል ያለ ብዙ ችግር ይሄድበታል። ከአሰላ ወደ ሳጉሬና ወደ በቆጂ የሚያልፈውም እንደዚሁ ነው። ነገር ግን መንገደኛው ከዋናው ጎዳና ወጥቶ በጪላሎ ወይም በካካ ተራራ ግርጌ ወዳለው የገበሬ መንደር ለመግባት የፈለገ እንደ ሆነ፣ በክረምት ወራት የሚጠብቀው ኮትቻ የሚባለው ጥቁር ጭቃ ነው። ይህ ጭቃ የተራውን ኦቶሞቢል ጎማ አንድ ጊዜ ከያዘ በበሬ ካልተጎተተ በቀር አይለቅም። ስለዚህ የደጋው ባላገር ሕመምተኛውን ወደ ሐኪም፣ ገብሱንና ድንቹን ወደ ገበያ ለማድረስ ከፈረሱ ቀጥሎ ተስፋ የሚያደርገው አራቱንም ጎማ ሞተሩ በሚያዞርለት፣ ባለ ሁለት ዲፈረንሻል በተባለው የመስክ መኪና ነው።

ይህ ዓይነት መኪና ለአገሩ እንግዳ አይደለም። በ1960 ዓ.ም. ገደማ በኢትዮጵያና በስዊድን መንግሥታት ስምምነት የጪላሎ የእርሻ ልማት ድርጅት በአሰላ ሥራውን ከጀመረ ወዲህ፣ ምርጥ ዘርና ማዳበሪያ ወደ ገጠር ሲገባ መኪናም አብሮ ገብቷል። ዛሬም ላንድሮቨርና ላንድ ክሩዘር የሚለውን ስም የማያውቅ ሕፃን በዚያ አገር አይገኝም።

እንግዲህ ጽሑፋችን የሚነሣው ከዚህ ላይ ነው። መኪናው ከፋብሪካ እንደ ወጣ አይቀርም። ባለቤቱ ወደ ጋራዥ ወስዶ ባሌስትራውን ያስጨምራል፣ ከሻንሲው በላይ አካሉን ከፍ ያስደርጋል፣ ትልልቅ ጎማ ያስገባል፣ በፊቱ የብረት መከላከያ ያስበይዳል፣ በጣሪያው ላይ ፖርቶ መጋላ ያስተክላል፣ በወንዝ ውስጥ ሲያልፍ ሞተሩ ውሃ እንዳይጠጣ የአየር ቱቦውን ወደ ላይ ያስወጣል። ይህን ሁሉ ያደረገው ጭቃው አስገድዶት ከሆነ የሚነቅፈው ሰው ሊኖር አይገባም። ዳሩ ግን ከዚያው ጋራዥ፣ በዚያው በያጅ እጅ፣ ሌላም ሥራ ይሠራል። ለዕቃ የተበጀው የኋላ ክፍል በግራና በቀኝ የእንጨት ወንበር ተደርጎለት ለብዙ ሰዎች መጫኛ ይሆናል፤ ድምፁ እንዲያጓራ ሲባል ማርሚታው ተቆርጦ ይጣላል፤ ዓይን የሚያጠፋ መብራት በጣሪያው ላይ ይደረደራል። የመጀመሪያው ለትርፍ፣ የቀሩት ሁለቱ ለታይታ ናቸው። ጭቃ ማርሚታ ይቆረጥልኝ ብሎ የጠየቀበት ዘመን የለም።

የመኪናን አካል መለወጥ የጌጥ ነገር ብቻ የሚመስላቸው ሰዎች ስላሉ ጥቂት ማስረዳት ያስፈልጋል። ማናቸውም መኪና በመጠምዘዣ ላይ ሳይገለበጥ የሚቆመው በሁለት ነገር ነው፤ እነርሱም በግራና በቀኝ ጎማዎች መካከል ያለው ስፋትና የክብደቱ መካከል ከምድር ያለው ከፍታ ናቸው። ስፋቱ እንዳለ ሆኖ ከፍታው ሲጨመር መኪናው ለመገልበጥ ይቀርባል። በዚህ ላይ በፖርቶ መጋላው አምስት ኩንታል ስንዴ ቢጫንበት፣ በስንዴውም ላይ ደግሞ ሰው ቢቀመጥበት፣ ክብደቱ ሁሉ ወደ ሰማይ ወጣ ማለት ነው። የጎማውም ነገር እንደዚሁ ነው። ቁመቱ 76 ሳንቲ ሜትር የነበረው ጎማ በ84 ሳንቲ ሜትር ቢለወጥ፣ የፍጥነት ሰዓቱ 80 ኪሎ ሜትር ሲያሳይ መኪናው በእውነቱ 88 ኪሎ ሜትር ይሮጣል፤ በዚህም ፍጥነት ፍሬን ሲያዝ ለመቆም የሚፈጅበት ርቀት ከመጀመሪያው በአምስተኛ እጅ ያህል ይረዝማል። ሾፌሩ ሕግ ጠብቄ እሄዳለሁ እያለ ሳያውቀው ሕግ ያፈርሳል።

ስለ መብራቱም የአርሲን ደጋ በማታ ያየ ሰው ይፈርዳል። በበቆጂ በኩል ጉም በወረደ ጊዜ ከፍ ብሎ የተተከለ መብራት መንገዱን አያሳይም፤ ጉሙን ራሱን እንደ ነጭ ግድግዳ አድርጎ ያቆመዋል። ከፊት የሚመጣውንም ሾፌር ያሳውረዋል። የፈረሱ ነገር ደግሞ ቀላል እንዳይመስለን። አርሲ የፈረስ አገር ነው፤ በገበያ ቀን የመንገዱ ዳር በፈረሰኛና በጋሪ ይሞላል። ማርሚታ የሌለው ሞተር በድንገት ከኋላው ሲያጓራበት የደነገጠ ፈረስ ወዴት እንደሚዘል ጌታውም አያውቀውም።

አሁን ወደ ሕጉ እንመለስ። ስለ ተሽከርካሪ መለያ፣ መመርመሪያና መመዝገቢያ በ2002 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 681 ተሽከርካሪ ሁሉ ተመርምሮና ተመዝግቦ እንዲሄድ ያዝዛል። ሊብሬ የምንለው ደብተር የሻንሲውንና የሞተሩን ቁጥር፣ የአካሉን ዓይነትና የሚጭነውን ልክ ይናገራል፤ በመስተዋቱ ላይ የሚለጠፈውም ቦሎ መኪናው በዓመቱ ተመርምሮ ጤነኛ ሆኖ መገኘቱን ይመሰክራል። ሊብሬው የዕቃ ነው የሚለው መኪና በውስጡ ሰው ጠቅጥቆ ከተገኘ እንግዲህ ደብተሩ ሐሰተኛ ምስክር ሆኗል። መርማሪውም በመኪናው ሥር ሳይገባ ቦሎውን የሰጠ እንደ ሆነ ምስክሮቹ ሁለት ይሆናሉ።

በ2003 ዓ.ም. የወጣው የትራፊክ መቆጣጠሪያ ደንብ ቁጥር 208፣ ከዚያም ወዲህ እርሱን ያደሱት ደንቦች፣ በጥፋቱ መጠን ቅጣትን ለይተዋል። ይሁን እንጂ በመንገድ ላይ የቆመው የትራፊክ ፖሊስ በእጁ ያለው ፊሽካና የመቅጫ ወረቀት ነው። የተጫነውን ሰው ሊቆጥር ይችላል፤ የሻንሲውን ብየዳ ግን ከዝናብ በታች ቆሞ ሊመረምር አይችልም። ስለዚህ ቅጣቱ ሁልጊዜ በዓይን በሚታየው ጥፋትና በሾፌሩ ላይ ይወድቃል። ሾፌሩም አብዛኛውን ጊዜ ቅጥረኛ ነው፤ ወንበሩን አላስተከለም፣ ትርፉም የእርሱ አይደለም።

ሞት በመጣ ጊዜ ነገሩ ይብሳል። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 543፣ በቸልተኛነት ሁለትና ከዚያም በላይ ሰዎችን የገደለ፣ ወይም ግልጽ የሆነውን ደንብ አውቆ በመጣስ ሰው የገደለ፣ ከአምስት እስከ አሥራ አምስት ዓመት በሚደርስ ጽኑ እስራት እንዲቀጣ ይደነግጋል። ይህ ፍርድ ከባድ ነው፤ ሊከብድም ይገባል። ነገር ግን መኪናው የተገለበጠው አካሉ ከልክ በላይ ከፍ ስላለ ከሆነ፣ ከፍ ያስደረገው ባለቤትና በገንዘብ የበየደው ሰው በፍርድ ቤቱ ደጅ ሳይታዩ ሾፌሩ ብቻ ወደ ወኅኒ ቢወርድ ለሟቹ ቤተ ሰብ ፍርዱ ግማሽ ነው። ዐቃቤ ሕጉ ከመሪው አልፎ ወደ ጋራዡ መሄድ አለበት።

በሌላ አገር የሆነውን ብንመለከት አይስላንድ የምትባለው የበረዶ አገር በእኛ ጭቃ ፈንታ በረዶ አላት፤ እዚያም ጎማቸው የሰውን ወገብ የሚያህል መኪናዎች በሕዝብ ጎዳና ይሄዳሉ። ሕጉ አልከለከላቸውም፤ ለብቻ ተመርምረው በመዝገብ ላይ መለወጣቸው እንዲጻፍ ግን ያስገድዳቸዋል። በአውስትራሊያም ከጥቂት ሳንቲ ሜትር በላይ ከፍ ያለ መኪና የመሐንዲስ ማረጋገጫ ይጠየቃል። ነገር ግን የየግዛቱ ልክ የተለያየ ስለ ሆነ በአንዱ ግዛት ሕጋዊ የነበረ መኪና ድንበር ሲሻገር ጥፋተኛ እየተባለ ብዙ ክርክር ተነሥቷል። ለእኛም ይህ የሚጠቅም ትምህርት ነው። ታርጋው ኦሮ የሆነም አአ የሆነም መኪና በዚያው በአሰላ ጎዳና ስለሚሄድ፣ የከፍታው ልክ አንድ ሆኖ ለአገሩ ሁሉ ካልተቆረጠ በቀር ፖሊሱ በምን ይዳኛል?

ባለ መኪናዎቹ የሚሰጡት መልስ አለ፤ እርሱንም ማድመጥ ይገባል። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ባረጁ መኪናዎች ላይ ከባድ ቀረጥ ጥሏል፤ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ በነዳጅ የሚሠሩ የቤት ኦቶሞቢሎች ከውጭ እንዳይገቡ ተከልክሏል። ስለዚህ ያለውን አሮጌ መኪና እየበየዱና እየጠገኑ ከማኖር በቀር ምን መንገድ አለን ይላሉ። ደግሞስ ምጥ የያዛትን ሴት ከሽርካ ወይም ከሙኔሳ ጭቃ የሚያወጣት ማን ነው ይላሉ። ይህ እውነት ነው። ሆኖም ያችን ሴት የሚያወጣት ባሌስትራውና ጎማው እንጂ ትርፍ ወንበሩ አይደለም። መኪናው እያረጀ የሚኖር ከሆነም ምርመራው ሊጠብቅ እንጂ ሊላላ አይገባውም።

እንግዲህ የሚያስፈልገው ሥራ ብዙ ወጪ የሚጠይቅ አይደለም። የደጋው መኪና ባለቤት ለጭቃው ያስለወጠውን ሁሉ ሳይፈራ ወደ ምርመራው ቦታ ያቅርብ፤ መርማሪው ከፍታውን በሜትር ለክቶ፣ ብየዳውንና ፍሬኑን አይቶ፣ የተፈቀደውን በሊብሬው ላይ ይጻፍለት፤ ያልተፈቀደውን እዚያው ያስፈታው። የበየደውም ጋራዥ ስሙን በደብተሩ ላይ ያኑር። ከዚያ በኋላ ፖሊሱ በኬላው ላይ ሊብሬውን ከመኪናው ጋር ማስተያየት ብቻ ይበቃዋል። ይህም የሰኔ ዝናብ ጀምሮ የገጠሩ መንገድ ሳይዘጋ፣ በበጋው ወራት ቢደረግ ለባለቤቱም ለመርማሪውም ይቀላል።