ብሩ ያለው በእርሳሱ ሆድ ነው

የብር ማዕድን በዓለም ገበያ እ.ኤ.አ. በ2025 በአውንስ 50 ዶላርን ሲሻገር፣ እ.ኤ.አ. ከጥር 1980 ጀምሮ ያልተደፈረውን ጣሪያ አለፈ። እዚህ ላይ ብር ስንል በኪሳችን ያለውን ወረቀት ሳይሆን፣ ወረቀቱ ስሙን የወረሰውን ነጩን ማዕድን ነው።

ለአገራችን ሰው የቅርቡ መለኪያ ጠገራው ነው። አንድ የማርያ ትሬዛ ብር 28 ግራም ያህል ይመዝናል፤ ከዚህ ውስጥ ንጹሕ ብሩ 23 ነጥብ 4 ግራም ነው። በአውንስ 50 ዶላር ሲታሰብ 37 ዶላር ከ60 ሳንቲም ያወጣል። ለቅርስነቱ የሚጨመረው ሌላ ነው።

በማዕድን ሥራ ገንዘባቸውን ሊያውሉ የሚያስቡ ወገኖችም በጠገራ ቢቆጥሩ ይቀላቸዋል። በአንድ ቶን ድንጋይ 100 ግራም ብር አለ ሲባል አራት ጠገራ ከጥቂት ማለት ነው። ደህና ነው። ነገር ግን ብሩ ምን ያህል እንደሆነ ብቻ ሳይሆን በምን ውስጥ እንዳለም መጠየቅ ያስፈልጋል፤ ገንዘብ የሚጠፋው ይህ ሳይጠየቅ ሲቀር ነው።

ፍል ውሃ የተሸከመው

ለብር ብቻ ተብለው ከተከፈቱ ጉድጓዶች የሚወጣው በዓለም ከሚመረተው ብር ከሲሶ በታች ነው። የቀረው ከእርሳስና ከዚንክ፣ ከመዳብና ከወርቅ ጋር ተደርቦ ይገኛል። ያመጣውም ጨዋማ ፍል ውሃ ነው። በመቶዎች በሚቆጠር ዲግሪ የጋለ ውሃ እርሳሱን፣ ዚንኩንና ብሩን አሟሙቶ ከምድር ውስጥ ይወጣል፤ ሲቀዘቅዝ ወይም ከድኝ ጋር ሲገናኝ በድንጋዩ ስንጥቅ ውስጥ ይጥላቸዋል።

ጋሌና የሚባለው ከባድና አብረቅራቂ ድንጋይ ከመቶ 86 እጁ እርሳስ ነው። ማብረቅረቁ የእርሳሱ እንጂ የብሩ ምልክት አይደለም። ብሩ በዓይን በማይታይ ሁኔታ ከጋሌናው ጋር ተዋሕዶ፣ ወይም ከመዳብና ከአንቲሞኒ ጋር ፍራይበርጋይት ሆኖ፣ አለዚያም ከድኝ ጋር ብቻ አካንታይት ሆኖ ይቀመጣል። አካንታይት ከመቶ 87 እጁ ብር ሆኖ ሳለ ጥቁር ነው፤ ላላወቀው ጥላሸት ይመስላል። ፍራይበርጋይት ስሙን ያገኘው ከጀርመኗ ፍራይበርግ ነው፤ እዚያ እ.ኤ.አ. በ1168 በጋሌና ውስጥ ብር ተገኝቶ ከተማ ተቆረቆረ።

ሂሳቡ ሲሠራ

አምራቹ ድንጋዩን ፈጭቶ እርሳሱንና ዚንኩን ለየብቻ ካበጠረ በኋላ ለማቅለጫ ፋብሪካ ይሸጣል። በተለመደው የውል አሠራር ብሩ በእርሳሱ ብጥር ውስጥ ከሆነ ፋብሪካው 95 በመቶውን ይከፍላል፤ ቢያንስ ግን በቶን 50 ግራም ይቀንሳል። በዚንኩ ውስጥ ከሆነ መጀመሪያ በቶን 93 ግራም ያህል ቀንሶ ከቀሪው 70 በመቶውን ይከፍላል። እንግዲህ በቶን 800 ግራም ብር ቢኖር፣ በእርሳሱ በኩል የ750፣ በዚንኩ በኩል የ495 ግራም ዋጋ ይገኛል። በ50 ዶላር ሂሳብ ልዩነቱ በቶን 410 ዶላር አካባቢ ነው። ብሩ ፓይራይት ውስጥ ከተደበቀ ደግሞ አብዛኛው ከጭቃው ጋር ይጣላል። ፍራይበርጋይት ቢበዛም ደስታው ሙሉ አይደለም፤ አንቲሞኒውና አርሴኒኩ በፋብሪካው ዘንድ ቅጣት ያስከትላሉ።

ስለዚህ አንድ ደላላ የላቦራቶሪ ወረቀት ይዞ ሲመጣ የግራሙን ቁጥር ብቻ አይቶ ቀብድ መስጠት አይገባም። ብሩን የያዘው የትኛው ማዕድን እንደሆነ የሚያሳይ ምርመራ ይጠየቅ።

ከየካ ሚካኤል በላይ ካለው ተራራ ነው ተብሎ ድንጋይ ከቀረበ ግን ጉዳዩ ያጥራል። የእንጦጦ ተራሮች ከእሳተ ገሞራ የወጡ፣ በማዕድን አቆጣጠር ልጅ የሆኑ፣ 22 ሚሊዮን ዓመት አካባቢ ያላቸው ናቸው። ያ ድንጋይ ዋሻ ሚካኤልን ለፈለፈሉት ሰዎች ጥሩ ሆኗል፤ በእርሳስና በዚንክ ግን አይታወቅም። ፍልውሃ እዚሁ ከተማችን መሐል ቢፈልቅም ፍል ውሃ ሁሉ ብር አይጥልም።

በአገራችን ተስፋ የሚጣልበት ሥፍራ በሰሜን በኩል፣ በጥንታዊ ባሕር ወለል ላይ ፍል ውሃ ባስቀመጣቸው የትግራይ ድንጋዮች ውስጥ ነው። የተራኪምቲ ክምችት መዳብ፣ ወርቅ፣ ብርና ዚንክ እንደያዘ ተረጋግጧል። በዚሁ ዓይነት ድንጋይ ላይ የተከፈተው የኤርትራው ቢሻ እ.ኤ.አ. በ2011 ከላይኛው ንብርብር ወርቅና ብር፣ በ2013 ከሥሩ መዳብ፣ በ2016 ደግሞ ከታችኛው ዚንክ ማምረት ጀመረ። እ.ኤ.አ. በ2018 መጨረሻ የቻይናው ዚጂን ባለቤቱን ኩባንያ ኔቭሰንን ጠቀለለው።

በተራኪምቲ ለካናዳው ኢስት አፍሪካ ሜታልስ በ2010 ዓ.ም. የተሰጠው የማውጫ ፈቃድ ግን ለላይኛው፣ ለወርቁ ንብርብር ነበር። ጦርነቱ በጥቅምት 2013 ዓ.ም. ሲነሳ ሥራው ተቋረጠ። በዚያ አካባቢ ድርሻ አለኝ ለሚል ሻጭ የሚቀርበው የመጀመሪያ ጥያቄ የትኛው ንብርብር ነው የሚል ነው።