አሮጌው ሞተር ብስክሌት ለዓመታዊ ምርመራ ሲዘጋጅ

ከቀበሌ ቀበሌ እየተዘዋወረ ከብት የሚከትብ የእንስሳት ጤና ሠራተኛ የክትባት ሣጥኑን አስሮ የሚጓዘው ብዙውን ጊዜ ዕድሜ በጠገበ ሞተር ብስክሌት ነው። ሞተሩ በዓመታዊው የቴክኒክ ምርመራ ከወደቀ ቦሎ አያገኝም፤ የክትባቱም ሥራ ይጓተታል። ምርመራው በአዋጅ ቁጥር 681/2002 የተደነገገ ግዴታ ስለሆነ አስቀድሞ መዘጋጀት ይገባል።

ከሁሉ ይልቅ ጥንቃቄ የሚሻው ፍሬን ነው። የኋላ ፍሬን በላላ ቁጥር ዳዶውን እያጠበቁ መንዳት የተለመደ ቢሆንም፣ ይህ የሸራውን ማለቅ ይሸፍናል እንጂ አያድንም። ፔዳሉ እስከ መጨረሻው ተረግጦ ሲታይ ከፔዳሉ የሚመጣው ዘንግና ጎማው ላይ ያለው የፍሬን ክንድ የሚሠሩት ማዕዘን ከ90 ዲግሪ ካለፈ ሸራው አልቋል ማለት ነው። መለወጥ አለበት።

ያረጀ ካቴና እኩል አይረዝምም። ስለዚህ ጎማው እየተሽከረከረ እጅግ በከረረበት ቦታ ላይ ይለካል፤ ልቅነቱ አምራቹ ከወሰነው፣ በብዙዎቹ ከ2 እስከ 4 ሳንቲ ሜትር፣ መውጣት የለበትም። የፊት ጎማው ከመሬት ተነሥቶ ሹካው ወደፊትና ወደኋላ ሲነቀነቅ ኳ የሚል ከሆነ የመሪው ኩሽኔታ ላልቷል ወይም ተበልቷል።

መብራት፣ ፍሬቻና ክላክስ በደቂቃ ይታያሉ። የፍሬን መብራት ግን በእጅም በእግርም ፍሬን መብራቱ ይረጋገጥ፤ ብዙዎች አንዱን ብቻ ሞክረው ይሄዳሉ።

የሻንሲና የሞተር ቁጥሩ ከሊብሬው ጋር ስለሚመሳከር ጭቃው በዋዜማው ይታጠብ። የሦስተኛ ወገን መድንም አብሮ ይያዝ። መለዋወጫ ከሩቅ ከተማ ለሚያስመጣ ሰው ፍተሻውን ከአንድ ወር በፊት መጀመር ይሻለዋል።