ተጨማሪ መረጃ፦ ሮብዓምና ዐፄ ሱስንዮስ

የሰሎሞን ልጅ ሮብዓም፣ ሕዝቡ ቀንበሩን እንዲያቀልለት ሲለምነው የሽማግሌዎቹን ምክር ትቶ አብሮ አደጎቹን ሰማ፤ ዐሥሩ ነገድም ከእጁ ወጡ። 

ተመሳሳይ ፈተና በኢትዮጵያ ንጉሥ ላይም ደረሰ። ከጎንደር ብዙ በማይርቀው ደንቀዝ የተቀመጡት ዐፄ ሱስንዮስ በ1622 እ.ኤ.አ. ካቶሊክነትን በይፋ ተቀበሉ።  ነገሩ ይበልጥ የከረረው በ1625 የመጡት የካቶሊክ ፓትርያርክ አልፎንሶ ሜንዴዝ ሕዝቡ ዳግም እንዲጠመቅ፣ ካህናቱ ዳግም ክህነት እንዲቀበሉ፣ ግዝረትና የቅዳሜ ሰንበት እንዲቀሩ ሲያዝዙ፣ ንጉሡም ትእዛዙን በኃይል ሲያስፈጽሙ ነው። ላስታ ሸፈተ፤ ገበሬው በዓመፁ መሪ በመልክአ ክርስቶስ ሥር ተሰለፈ። በ1632 ወይና ደጋ ላይ ሱስንዮስ ድል አደረጉ፤ ሜዳውን የሞላው ሬሳ ግን የገዛ ሕዝባቸው ነበር።

ሮብዓም ያላደረገውን እሳቸው አደረጉ፦ የቀድሞው ሃይማኖት እንዲመለስ አውጀው ዘውዱን ለልጃቸው ለፋሲል ለቀቁ። በዚያው ዓመት ዐርፈው አዘዞ ገነተ ኢየሱስ ተቀበሩ። ፋሲል ኢየሱሳውያኑን የካቶሊክ ሚስዮናውያን ከአገር አስወጥተው በ1636 ጎንደርን መናገሻቸው አደረጉ።