ቦሪክ አሲድ፦ ስሙና ሥራው

በሰሜን አዲስ አበባ፣ ከእንጦጦ ግርጌ ባለው በቁስቋም ሰፈርም ሆነ በሌላው የከተማችን ክፍል፣ ስለ ሴት ብልት ጤንነት በግልጽ መነጋገርን ብዙዎች እንደ ነውር ይቆጥሩታል። ከዚህም የተነሣ ማሳከክ ወይም ያልተለመደ ፈሳሽ ያጋጠማት ወጣት ችግሯን ለሐኪም ከመንገር ይልቅ በወሬ በሰማችው መድኃኒት ራሷን ለማከም ትነሣሣለች። በኢንተርኔት ስማቸው ከሚነሣው መድኃኒቶች አንዱ በብልት ውስጥ የሚቀመጠው የቦሪክ አሲድ እንክብል ነው። ለመሆኑ ይህ ነጭ ዱቄት የሚሠራው እንዴት ነው?

በመውለጃ ዕድሜ ላይ በምትገኝ ጤነኛ ሴት ብልት ውስጥ ላክቶባሲለስ የተባሉ ባክቴሪያዎች ላክቲክ አሲድ ያመርታሉ። እርጎን የሚያኮመጥጠውም ይኸው አሲድ ነው። በዚህም ምክንያት የብልት ፒኤች አብዛኛውን ጊዜ ከ3.8 እስከ 4.5 ይሆናል። የፒኤች መለኪያ ሎጋሪዝማዊ ስለሆነ ከ4.5 ወደ 5.5 ከፍ አለ ስንል የሃይድሮጅን አዮኖች ክምችት ወደ አንድ ዐሥረኛ ወረደ ማለታችን ነው። ብልትን ውስጡን በሳሙና ማጠብ ይህን የተፈጥሮ መከላከያ ያዛባል።

ቦሪክ አሲድ፣ ስሙ እንደሚያመለክተው፣ የጠፋውን ኮምጣጣነት የሚመልስ ሊመስለን ይችላል። ነገር ግን ካንዲዳ በተባለው ፈንገስ በሚመጣ ሕመም ጊዜ ፒኤች ብዙውን ጊዜ ከጤነኛው መጠን አይወጣም። ቦሪክ አሲድም እጅግ ደካማ አሲድ ነው፤ የአሲድነት ቋሚው ፒኬኤ 9.2 ገደማ ነው። ስለሆነም ፒኤች 5.2 በሆነ ፈሳሽ ውስጥ ከ10,000 ሞለኪዩሎቹ ወደ አዮን የሚለወጠው 1 ያህሉ ብቻ ነው። በቤተ ሙከራ እንደታየው፣ ቦሪክ አሲድ የካንዲዳን እድገት ይገታል፤ ፈንገሱ ክር መሰል ቅርንጫፍ እንዳያወጣና ተጣብቆ የሚኖርበትን ስስ ሽፋን እንዳይሠራም ያግዳል።

ኬሚስቱ ቪልሄልም ሆምበርግ እ.ኤ.አ. በ1702 ከቦራክስ ያዘጋጀው ይህ ውሁድ ብዙ አገልግሎት አለው። ቦሮን-10 ኒውትሮንን አጥብቆ ስለሚውጥ በኒውክሊየር ማመንጫዎች ውኃ ውስጥ ይጨመራል፤ በረሮንም ይገድላል። በሕክምና ግን ቦታው ጠባብ ነው። የአሜሪካ የበሽታ መቆጣጠርና መከላከል ማዕከል እ.ኤ.አ. በ2021 ባወጣው መመሪያ መሠረት፣ ከተለመደው የካንዲዳ ዝርያ ውጭ የሆነ ፈንገስ ሲያገረሽ በቀን አንድ ጊዜ 600 ሚሊግራም ለ3 ሳምንታት ይታዘዛል፤ 70 በመቶ ያህሉም ይድናሉ።

ቦሪክ አሲድ ቢዋጥ መርዝ ነው፤ ሕፃናትንም ሊገድል ይችላል። ነፍሰ ጡር ሴት ፈጽሞ ልትጠቀምበት አይገባም።

ከሁሉም በላይ፣ ተመሳሳይ የሚመስሉ ምልክቶች ከተለያዩ ሕመሞች ይመጣሉ። በትምህርት ቤት ቤተ ሙከራ የምናውቀው የፒኤች ወረቀት እንኳ ፍንጭ ይሰጣል፤ ከ4.5 በላይ ካሳየ ችግሩ ከካንዲዳ ይልቅ የባክቴሪያ ሚዛን መዛባት ወይም ትሪኮሞናስ የመሆን ዕድሉ ሰፊ ነው። ለማረጋገጥ ግን ማይክሮስኮፕና ባለሙያ ያስፈልጋሉ። ትሪኮሞናስ ከሆነ ደግሞ የፍቅር ጓደኛም አብሮ መታከም አለበት፤ በግምት የተገዛ እንክብል ይህን ሁሉ ይደብቃል። የቁስቋም ነዋሪ ሩቅ መሄድ አያሻትም፤ በአቅራቢያዋ ጤና ጣቢያ፣ አስፈላጊ ሲሆንም በዚያው በጉለሌ ክፍለ ከተማ በሚገኘው በቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል፣ ያለ ኀፍረት ልትመረመር ይገባታል።