ከፊደል ገበታ እስከ ቴሌግራም፦ በደቡብ ምዕራብ የልሳንና የማንነት ነገር

መስከረም 20 ቀን 2014 ዓ.ም. በተደረገው ሕዝበ ውሳኔ መሠረት በዚያው ዓመት ኅዳር 14 ቀን የተመሠረተው የደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ሕዝቦች ክልል የምሥረታውን በዓል ባሰበ ቁጥር፣ ከጌጫ እስከ ቴፒ፣ ከሚዛን እስከ ቦንጋ፣ በየሰው እጅ ባለው ስልክ ላይ አንድ የቆየ ክርክር እንደ አዲስ ይነሣል፤ ይኸውም እኛ ማን ነን፣ በየትኛውስ ልሳን ልንጻፍና ልንነበብ ይገባናል የሚለው ነው። ከፋን፣ ሸካን፣ ቤንች ሸኮን፣ ዳውሮን፣ ምዕራብ ኦሞንና ኮንታን በአንድ ያሰባሰበው ይህ ክልል መንበሩን ለቦንጋ፣ ለተርጫ፣ ለሚዛን አማንና ለቴፒ አከፋፍሎ ማንም ቅር እንዳይለው ሲጥር፣ የሥራ ቋንቋው ግን ለሁሉም የጋራ እንዲሆን በማለት አማርኛን መርጧል። ምርጫው ለመሥሪያ ቤት ሥራ የሚበጅ እንደ ሆነ አልጠራጠርም። ዳሩ ግን መሥሪያ ቤት ሳያዝዘው፣ ትምህርት ቤትም ሳያስተምረው፣ ሕዝቡ ራሱ በፌስቡክ፣ በቴሌግራምና በቲክቶክ የሚፈጽመው ሌላ የቋንቋ ምርጫ አለ፤ ይህ ዳሰሳ የሚመለከተውም እርሱን ነው።

የአገሩን ልሳኖች ብዛት ለአንባቢ መዘርዘር አያስፈልግም። ካፊኖኖና ሸኪኖኖ፣ ቤንችኖንና ሸኮ፣ ዲዚ፣ ሜኢኒት፣ ሱሪ፣ መዠንግር፣ እያንዳንዱ የራሱ ጠባይ ያለው ሲሆን ከኦሞአዊውም ከናይሎ ሰሐራዊውም ወገን የሚቈጠሩ በአንድ የገበያ ቀን በአንድ አደባባይ ይገናኛሉ። የውጭ አገር ሊቃውንትም ቀደም ብለው ደርሰውባቸዋል፤ ኤንሪኮ ቼሩሊ በ1951 እ.ኤ.አ. ስለ ከፋ ልሳን ጽፏል፤ ቮልፍ ሌስላው ደግሞ በ1959 እ.ኤ.አ. ያኔ ሞቻ ይባል የነበረውን የሸካን ልሳን መዝገበ ቃላት አሳትሟል። እነዚህ መጻሕፍት ለሊቃውንት ተጽፈው በሊቃውንት ዘንድ የቀሩ ስለ ሆኑ፣ የጌጫ ገበሬ ስለ ራሱ ባለው አሳብ ላይ ያመጡት ለውጥ እምብዛም የለምና በዚህ እናልፋቸዋለን።

ለውጥ ያመጣው ሐምሌ 1 ቀን 1971 ዓ.ም. የተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ነው። በዚያ ዘመቻ ለማስተማሪያ ከተመረጡት 15 ቋንቋዎች አንዱ «ከፋ-ሞቻ» የተባለው ሲሆን፣ እንደ ሌሎቹ ሁሉ በግዕዝ ፊደል ተጽፎ፣ በጫካው ውስጥ ባሉ ጎጆዎች ሳይቀር በኩራዝ ብርሃን ተነበበ። እዚህ ላይ ልብ ሊባል የሚገባው ነገር አለ። ያን ጊዜ የከፋና የሸካ ልሳኖች እጅግ ይቀራረባሉ ተብሎ እንደ አንድ ተቈጠሩ፤ ከ1983 ዓ.ም. በኋላ ግን ሁለት ሆነው፣ እያንዳንዳቸው በየራሳቸው ስም፣ ያውም በላቲን ፊደል ወደ ትምህርት ቤት ገቡ። ሰዎቹ የተናገሩት ያንኑ የአባቶቻቸውን ቋንቋ ሆኖ ሳለ፣ ቋንቋዎቹ አንድ ናቸው ወይስ ሁለት የሚለውን የወሰነው የየዘመኑ መንግሥት ነበር።

የዚህ ተቃራኒ የሆነውንና ከዚህም የከፋውን ነገር በጎረቤት አይተናል። በ1992 ዓ.ም. በሰሜን ኦሞ ዞን የወላይታን፣ የጋሞን፣ የጎፋንና የዳውሮን ልሳኖች አጣምሮ «ወጋጎዳ» በሚል ስም የተዘጋጀ የመማሪያ መጽሐፍ ወደ ትምህርት ቤቶች በተላከ ጊዜ፣ በሶዶ ከተማ ሕዝብ ተቈጥቶ ወጣ፤ ሰው ሞተ፤ መምህራን ታሰሩ፤ በመጨረሻም መጽሐፉ ተሰበሰበ፣ ዞኑም ፈረሰ። ዳውሮና ኮንታ ለብቻቸው የመቆማቸው ታሪክ ከዚህ ጋር የተያያዘ ስለ ሆነ፣ ነገሩ ለዛሬው ክልል የሩቅ ወሬ አይደለም። ይህን ታሪክ ያነሣሁት፣ በዚያን ጊዜ ፌስቡክም ቴሌግራምም እንዳልነበሩ ማስታወስ ስለሚገባ ነው። ዛሬ ለሚደርሰው ጥል ሁሉ ስልክን ጥፋተኛ የሚያደርጉ ሰዎች፣ የአንድ ሕዝብ ልሳን ባለቤቱ ሳይጠየቅ ሲነካ የሚመጣው ቊጣ ከስልክ በፊት እንደ ነበረ ሊያውቁ ይገባል። ስልኩ የጨመረው ፍጥነትን ነው፤ ከፍጥነትም ጋር ማንም ከየትም ሆኖ በነገሩ የመግባት ዕድልን ጨምሯል።

የአሁኑን ነገር ቀረብ ብሎ ለማየት ግን የአንዲት ትንሽ የሸካ ከተማ ተወላጆች የሚገናኙበትን የቴሌግራም ግሩፕ መመልከት ይበቃል። ቡና በሚለቀምበት ወራት በማለዳ የሚገባው መልእክት ብዙ ጊዜ የዋጋ ወሬ ነው፤ ቀይ እሸቱ በኪሎ ስንት እንደ ዋለ፣ የደረቀው ጀንፈል ስንት እንደሚያወጣ፣ የትኛው ሰብሳቢ በሚዛን እንዳጐደለ ይጻፋል፤ የሚጻፈውም በአማርኛ ነው፤ ገዢው ከጅማ ወይም ከአዲስ አበባ የመጣ፣ ሻጩ የሸካ ሰው፣ ለቃሚው ደግሞ በ1977ቱ ድርቅ ከወሎ መጥቶ የሰፈረ ሰው ልጅ ሊሆን ስለሚችል፣ አማርኛ በቡናው አገር የገበያ ልሳን ከሆነ ቆይቷልና። ቀጥሎ መርዶ ይመጣል፤ የሟቹ ፎቶግራፍ ተለጥፎ ከሥሩ «ነፍስ ይማር» የሚለው ቃል በአማርኛ እየተደጋገመ ይወርዳል። ከዚያ በኋላ ግን በዕድሜ የገፉ አጎት ስልኩን አፋቸው አጠገብ አስጠግተው ቮይስ ይልካሉ፤ ይህ ቮይስ በሸኪኖኖ ነው፤ ሟቹ የማን ልጅ እንደ ነበር፣ ከየትኛው ጎሣ እንደ ተወለደ፣ ለቅሶው የት እንደሚቀመጥ በዝግታ ይናገራሉ፤ ሌሎች አዛውንትም በዚያው ልሳን በድምፅ ይመልሱላቸዋል። ማታ ደግሞ ስለ ወረዳ አወቃቀር፣ ስለ ከተማ ባለቤትነት፣ ስለ ጥንቱ የሸካ ንጉሥ ግዛት ወሰን ክርክር ሲነሣ፣ የሸካን ክብር አጥብቆ የሚሟገተው ወጣት ሙግቱን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው በአማርኛ ይጽፋል።

በዚህ አገር ያለው የልሳንና የማንነት ነገር በእኔ አስተያየት በዚህ ውስጥ ተጠቃልሎ ይገኛል። ሰዉ ማንነቱን የሚኖረው በእናቱ ቋንቋ በድምፅ ነው፤ ስለ ማንነቱ የሚከራከረው ግን በአማርኛ በጽሑፍ ነው። አንዳንዶች ይህን እንደ ክሕደት፣ አንዳንዶችም እንደ ውርደት ሲቈጥሩት እሰማለሁ፤ ሁለቱም ምክንያቱን አልመረመሩም። ወጣቱ በእናቱ ልሳን በታችኞቹ ክፍሎች ቢማርም፣ ረዥም ዐረፍተ ነገር መጻፍ፣ ነገር መርታትና ማስረጃ ማቅረብ የለመደው በአማርኛ ነው፤ ደግሞም ሊረታው የሚፈልገው ሰው ልሳኑን የማያውቀው ባለጋራው ነው እንጂ አጎቱ አይደሉም።

በፊደሉ ነገር ጥቂት ልቆይ። በአንድ ቤት ውስጥ በ1971ዱ ዘመቻ ልሳናቸውን በግዕዝ ፊደል ማንበብ የተማሩ አያት፣ አማርኛ ብቻ የጻፈ አባት፣ በላቲን ፊደል ሸኪኖኖ የተማረ የልጅ ልጅ ሊገኙ ይችላሉ፤ ሦስቱ አንድ ልሳን እየተናገሩ አንዱ የጻፈውን ሌላው በቀላሉ አያነብም። የላቲኑ ወገኖች የሚያቀርቡት ምክንያት ቀላል አይደለም፤ በካፊኖኖና በሸኪኖኖ የአናባቢው ማጠርና መርዘም፣ የተነባቢውም መላላትና መጥበቅ ትርጉም ይለውጣል፤ የግዕዙ ፊደል ግን በተለመደው አጻጻፉ ሁለቱንም አይለይም። የግዕዙ ወገኖች ደግሞ ልጁ ለአማርኛው አስቀድሞ የሚያውቀው ፊደል ስላለ ስለ ምን ሁለት ጊዜ ይደክማል ይላሉ፤ ይህም እውነት ነው። እኔ ወደ ላቲኑ ወገን አዘነብላለሁ፤ ሆኖም የሁለቱም ሙግት ወደ ሚዛን አማን ወርዶ በቤንችኖን ፊት ሲቆም ይዳከማል።

ቤንችኖን አምስት የድምፅ ከፍታዎችን ከሚለዩት በዓለም በጣት ከሚቈጠሩ ልሳኖች አንዱ ነው። ለአማርኛ ጆሮ አንድ የሚመስለው ቃል፣ ከአምስቱ በአንዱ ከፍታ ሲነገር ሌላ ነገር ይሆናል። ከዚህም የተነሣ ልሳኑ በፉጨት ይነገራል፤ በተለይ ወንዶች በከንፈራቸው ወይም ሁለቱን መዳፎቻቸውን አጋጥመው በሚሠሩት ባዶ ውስጥ እየነፉ፣ አንዱ በወዲህ ሌላው በወዲያ ማዶ ሆነው ይነጋገራሉ፤ መልእክቱንም በክራር አውታር ማስተላለፍ ይቻላል። ቃሉ ቀርቶ ዜማው ብቻ ሲሄድ ሰሚው ነገሩን ያስተውላል ማለት ነው። የቅዱስ ያሬድን ዜማ በምልክት መዝግባ ያቆየች አገር ይህን ድንቅ ነገር እስከ ዛሬ በሚገባ አልመዘገበችውም። ሐዲስ ኪዳን በቤንችኖን በግዕዝ ፊደል በታተመ ጊዜ ከፍታው አልተመለከተም፤ በ2000 ዓ.ም. ገደማ ፊደሉ ወደ ላቲን ከተለወጠ በኋላም በስልኩ ላይ ፈጥኖ የሚተይበው ሰው ከፍታውን አያመለክትም። ስለዚህ በቴሌግራም ከተጻፈው ቤንችኖን ውስጥ የልሳኑ ግማሽ አካል ይቀርና አንባቢው ከአገባቡ እየገመተ ያሟላዋል። ቮይሱ ግን ሁሉንም እንዳለ ይሸከማል። ቮይስን የሰነፎች ጽሕፈት አድርገው የሚንቁትን ሰዎች የምቃወመው በዚህ ምክንያት ነው፤ ለቤንች ሰው ከጽሕፈት ይልቅ ምሉዕ የሆነው ልሳን ቮይሱ ነው፤ ማኅበራዊ ሚዲያ ለዚህ አገር ካበረከተው ሁሉ የሚበልጠው ይህ ይመስለኛል።

ጉዳቱ ግን በዚያው ደጃፍ ይገባል። ክልሉ በተመሠረተበት ሰሞን የፌስቡክ ባለቤት የሆነው ሜታ በኢትዮጵያ ስለሚሠራው ጥበቃ ሲገልጽ በአማርኛ፣ በኦሮምኛ፣ በሶማልኛና በትግርኛ የሚለጠፈውን ይዘት መመርመር እንደሚችል ተናግሮ ነበር። ካፊኖኖ፣ ቤንችኖን፣ መዠንግር፣ ሱሪ ከነዚህ ውስጥ የሉም። በተመረመሩትም ቋንቋዎች ቢሆን የሆነውን እናውቃለን፤ የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ የኬሚስትሪ መምህር የነበሩት ፕሮፌሰር መዓረግ አማረ በፌስቡክ ስማቸውና ፎቶግራፋቸው ከተለጠፈ በኋላ በጥቅምት 2014 ዓ.ም. በቤታቸው ደጅ ተገደሉ፤ ልጃቸውም ከሌሎች ከሳሾች ጋር በሜታ ላይ በናይሮቢ ክስ መሠረተ፤ የኬንያ ከፍተኛ ፍርድ ቤትም በመጋቢት 2017 ዓ.ም. ጉዳዩን የማየት ሥልጣን እንዳለው ወስኗል። በምያንማር በፌስቡክ የተዛመተ ጥላቻ ባባባሰው፣ በሮሂንጊያ ሕዝብ ላይ ከደረሰው እልቂት በኋላ ይህን ክስ ዓለም በትኩረት መከታተሉ ተገቢ ነው። የእኛ የጥላቻ ንግግርና የሐሰተኛ መረጃ አዋጅ ቁጥር 1185/2012 ወንጀሉን ቢደነግግም፣ ዳኛው የማይሰማው ልሳን ለአዋጁም ዝግ ነው። ከየካቲት 2015 ዓ.ም. ጀምሮ ለወራት እንደ ተደረገው የማኅበራዊ ሚዲያውን መስኮት ሁሉ መዝጋትም፣ ቪፒኤን የሚያውቀውን ተሳዳቢ ትቶ መርዶ የሚጠብቀውን አጎት ብቻ የሚጎዳ መድኃኒት ነው።

በጥቅምት 2013 ዓ.ም. በቤንች ሸኮ ዞን በጉራ ፈርዳ ወረዳ ሰላማውያን ሰዎች በተገደሉ ጊዜ፣ ነገሩ በማኅበራዊ ሚዲያ በአብዛኛው የተተረከው አገሩን ረግጠው በማያውቁ ሰዎች ነበር። ተገዳዩና ጎረቤቱ ለዓመታት በአንድ ገበያ ቡና የሸጡ፣ በአንድ ዕድር ቀባሪ የነበሩ ሰዎች ሆነው ሳለ፣ በሩቅ ያለው ጸሓፊ «ነባር»ና «መጤ» በሚሉ ሁለት ቃላት ብቻ ከፍሎ አቀረባቸው። አማርኛው የጋራ ልሳን መሆኑ እዚህ ላይ በሁለት ወገን ስለት አለው፤ የሚያገበያየውም እርሱ፣ ከሩቅ የመጣውንም ስድብ እስከ ጓዳ የሚያደርሰው እርሱ ነው።

ልሳንን ከማንነት ጋር አንድ አድርገው ለሚሰብኩት ሁሉ አንድ ጥያቄ አለኝ፤ እርሱም ስለ ማንጆዎች ነው። ማንጆዎች በከፋና በሸካ የሚኖሩ፣ ጎረቤቶቻቸው የሚናገሩትን ያንኑ ካፊኖኖና ሸኪኖኖ የሚናገሩ ናቸው፤ ነገር ግን ለብዙ ትውልድ ከሌላው ጋር በአንድ ማዕድ እንዳይቀመጡ፣ እንዳይጋቡም ተደርገው ኖረዋል። በአንድ ልሳን የመናገር ነገር ወንድማማች የሚያደርግ ቢሆን ኖሮ እነርሱን ባልለየ ነበር። በፌስቡክ ስለ አባቶች ታሪክና ስለ ልሳን ክብር በሚጻፈው ረዥም ውዳሴ ውስጥ ስማቸው ሲነሣ የማየው ጥቂት ጊዜ ነው፤ ይህ ዝምታ ከስድቡ ያላነሰ ያሳስበኛል።

በሸካና በመዠንግር ጫካ ውስጥ ደግሞ ሻቦ ወይም ቻቡ የሚባል ሕዝብ አለ፤ ተናጋሪዎቹ ጥቂት መቶዎች ብቻ ሲሆኑ፣ ልሳናቸውን ብዙ ሊቃውንት ከየትኛውም የታወቀ የልሳን ወገን ጋር ሊያዛምዱት አልቻሉም፤ ልጆቻቸውም ወደ መዠንግርና ወደ ሸኪኖኖ እየዞሩ ነው። የሸካ ደን በ2012 እ.ኤ.አ. በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ስፍራ ሆኖ ሲመዘገብ ዛፉና ቡናው ጠባቂ አግኝተዋል፤ በዛፉ ሥር የሚነገረው ልሳን ግን በቮይስ ቢቀዳ እንኳ ስልኩ ሲሰበር ወይም ቦታ ሞላ ተብሎ ሲጠረግ አብሮ ይጠፋል። በ1999 ዓ.ም. በተመሠረተው በሚዛን ቴፒ ዩኒቨርሲቲ የድምፅ ቤተ መዛግብት ቢቋቋም፣ ባለቤቶቹ ፈቅደው የሚሰጡት ቮይስ የተናጋሪው ወረዳ፣ ልሳኑና የተቀዳበት ቀን ተጽፎለት ቢቀመጥ፣ ትርጉሙም በአማርኛ ቢያያዝለት፣ ወጪው ብዙ አይሆንም። ሥራው ከቻቡ አዛውንት ይጀመር፤ ከዚያ ወደ ቤንች ፉጨት ይለፍ። ካፊኖኖና ዳውሮኛ ብዙ ተናጋሪ ስላላቸው ተራቸውን ሊጠብቁ ይችላሉ።