ባንኩ እምቢ ሲልልን

የአረጋውያን ገንዘብ ተበላ ሲባል ብዙዎቻችን ፊት ድቅን የሚለው ከማይታወቅ ቁጥር ደውሎ «ሎተሪ ወጥቶልዎታል» የሚለው አጭበርባሪ ነው። እሱም አለ። ዋግ ኽምራን በመሰለ አገር ግን ነገሩ ይለያል። ከገጠር ቀበሌ ተነስቶ፣ ያንን ቁልቁለትና አቀበት ወጥቶ ወርዶ ሰቆጣ ወይም አምደወርቅ መግባት ጉልበት ይጠይቃል፤ ስለዚህ ዕድሜ የተጫናቸው ሰው ባንክ የሚመጡት ወጣት ተደግፈው ነው። ደብተሩን የሚይዘው፣ ቅጹን የሚሞላው፣ አማርኛው ካስቸገራቸው ከኽምጣና የሚያስተረጉመው ያው አንድ ልጅ ነው። አብዛኛውን ጊዜ የሚመረቅ ልጅ ነው። እጁ የረዘመ ዕለት ግን አስተርጓሚውም ምስክሩም ራሱ ስለሆነ የሚያየው የለም።

ገንዘቡ ትልቅ ላይሆን ይችላል። የጡረታ አበል ነው፤ ከዓረብ አገር ልጅ የላከችው ነው፤ ወይም ከ1997 ዓ.ም. ጀምሮ የሚሠራው የልማታዊ ሴፍቲኔት ፕሮግራም ጉልበት ለሌላቸው አቅመ ደካሞች የሚሰጠው ቀጥታ ድጋፍ ነው። ትንሽነቱ ነው ክፋቱ። ከወር ወር ሁለትና ሦስት መቶ ብር ቢጎድል «ተቆርጦ ይሆናል» ተብሎ ይታለፋል።

ባንክ ይህን የሚከላከልበት መንገድ ከአሻራ ይጀምራል። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 1728፣ የዓይነ ስውር ወይም ማንበብና መጻፍ የማይችል ሰው ፊርማ ግዴታ የሚያስገባው ሥልጣን ባለው አዋዋይ፣ መዝጋቢ ወይም ዳኛ ፊት ሲረጋገጥ ነው ይላል። እንግዲህ ልጁ ጎጆ ውስጥ ቀለም አስነክቶ ያስፈረማቸው ወረቀት አያስራቸውም ማለት ነው። በባንክ በኩል የተለመደው ጥንቃቄ ደግሞ ማንበብ ለማይችል ደንበኛ ፎቶግራፍ ያለበት ደብተር መስጠትና ወጪ ሲደረግ ባለቤቱ ራሱ መስኮቱ ፊት እንዲቀርብ ማድረግ ነው። ያ ደብተር፣ ለአረጋዊ ሲሆን፣ ከካርዱ የተሻለ ጠባቂ ነው ባይ ነኝ። ደብተር ፊት ይጠይቃል፤ ካርድ አራት ቁጥር ብቻ።

ዋናው ቀዳዳ ግን ሂሳብ ሲከፈት በሚሞላው ቅጽ ላይ ያለች አንዲት መስመር ናት፦ ስልክ ቁጥር። እማማ ስልክ የላቸውም፤ ወይም ያላቸው ሲም የተመዘገበው በሌላ ሰው ስም ነው። ልጁ የራሱን ቁጥር ይጽፋል፤ ክፋት አስቦ ሳይሆን መስመሯ ባዶ እንዳትቀር። ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ ገንዘብ ሲገባ መልእክቱ የሚደርሰው ለእሱ ነው፤ ሲወጣም ለእሱ። የሞባይል ባንክ አገልግሎት ከተከፈተ የማረጋገጫ ቁጥሩም የሚላከው ለእሱ ነው። የጎተራውን ቁልፍ ማስረከብ ማለት ይኸው ነው። ለባንኩ ሲስተም እማማ ማለት ያ ስልክ ነው፤ ስልኩ «እሺ» ካለ እሳቸው እሺ አሉ። ከግንቦት 2013 ዓ.ም. ወዲህ በመጣው ቴሌብርም ጉዳዩ ያው ነው፦ ሲሙና የምስጢር ቁጥሩ በማን እጅ ነው?

መፍትሔው የሚያወጣውን እጅና የሚያየውን ዓይን መለያየት ነው። ወጣቱ ይዟቸው ባንክ ይምጣ፤ መልእክቱ ግን፣ እሳቸው ከፈቀዱ፣ ገንዘቡን ለምትልከው ልጅ ወይም ለሌላ ለሚያምኑት ዘመድ ስልክ ይድረስ። በዚያ ስልክ ላይ የሞባይል ባንክ እንዳይከፈት ለቅርንጫፉ መንገር ደግሞ አይረሳ፤ ያለዚያ ቁልፉ ከአንዱ እጅ ወደ ሌላው ተዛወረ እንጂ ምን ተለወጠ?

ውክልናን በተመለከተ ሰው የሚሳሳተው ሁለት ቦታ ላይ ነው። አንደኛ፣ በጥቅሉ የተሰጠ ውክልና በፍትሐ ብሔር ሕጉ ዘንድ ለማስተዳደር ብቻ እንጂ ቤት ለመሸጥ አያበቃም፤ ለዚያ ልዩ ሥልጣን ተለይቶ መጻፍ አለበት። ስለዚህ ጡረታ ለመቀበል ብቻ ከሆነ የሚፈለገው፣ ሰነዱ ላይ ያችን ብቻ ማስጻፍ። ሁለተኛ፣ ወካዩ በፈለጉ ጊዜ መሻር ይችላሉ፤ ነገር ግን መሻሩን ባንኩ እስካላወቀ ድረስ ገንዘብ ከፋዩ በቀድሞው ወረቀት መክፈሉን ይቀጥላል። የመሻሪያውን ደብዳቤ ይዞ ቅርንጫፉ ድረስ መሄድና «ደርሶናል» ማስባል ያስፈልጋል። የጋራ ሂሳብም እንዲሁ ነው፤ «ሁለቱም ሲፈርሙ» እና «ከሁለቱ አንዱ ሲፈርም» የሚሉት የሰማይና የምድር ያህል ይራራቃሉ፤ ቅጹ ላይ ግን የአንዲት ምልክት ልዩነት ናቸው።

ገንዘብ ከፋዩስ ምን ማድረግ ይችላል? ከምናስበው ያነሰ፣ ከሚያስበው የበለጠ። ለአካለ መጠን የደረሰ ሰው ሁሉ በሕግ ችሎታ እንዳለው ይገመታል፤ እርጅና ችሎታ አይነሳም። «አርጅተዋል» ብሎ ገንዘባቸውን መከልከል አይቻልም። አእምሯቸው የደከመ እንደሆነ ፍርድ ቤት በክልከላ ውሳኔ ሞግዚት ይሾምላቸዋል፤ ይህን የሚወስነው ዳኛ ነው፣ የቅርንጫፍ ሥራ አስኪያጅ አይደለም። የደንበኛ ምስጢር ስላለም ደውሎ ለዘመድ መንገር የለም። የቀረው መጠየቅና ማዘግየት ነው። በብሪታንያ እ.ኤ.አ. በ2016 በለንደን የተጀመረ አሠራር አለ፦ የባንክ ሠራተኛው ከለመደው ውጭ ብዙ ገንዘብ የሚያወጣ ደንበኛ ሲጠረጥር ይጠይቃል፣ ያቆያል፣ ካስፈለገም ፖሊስ ይጠራል። በአሜሪካ ደግሞ የአክሲዮን ደላላ ድርጅቶች ሂሳብ ሲከፍቱ «ቢቸግረን ለማን እንደውል?» ብለው የታመነ ሰው ስም ይጠይቃሉ፤ ያ ሰው ገንዘብ የመንካት ሥልጣን የለውም።

ሰቆጣ ላይ ለዚህ የሚያስፈልገው ኽምጣና የሚናገር አንድ ሠራተኛ ነው። «አንተ ልጅ፣ እዚያ ወንበር ላይ ቆየን» ብሎ፣ ከዚያ ለብቻቸው፣ «እማማ፣ ዛሬ ስንት ብር ሊያወጡ ነው የመጡት?» እሳቸው አምስት መቶ ካሉና ቅጹ ላይ ሦስት ሺህ ከተጻፈ ነገሩ ፖሊስም ስብሰባም ሳያስፈልገው እዚያው ይታወቃል። «ሦስት ሺህ ነው ያሉት?» ተብለው አዎ ማለት ሌላ ነገር ነው፤ አጠገባቸው የቆመው ልጅ እያየ አያት አዎ ነው የሚሉት።

ምክንያቱም ገመና የሚባል ነገር አለ። አያት የልጅ ልጃቸውን ለፖሊስ አይሰጡም። ብዙዎቹ ገንዘቡ ቢቀርባቸው ይመርጣሉ። ለዚህ ነው ከክስ ይልቅ ማንንም የማይወቅስ ጸጥ ያለ የባንክ ደንብ የሚጠቅማቸው። «እኔማ ልሰጥህ ፈልጌ ነበር፣ ባንኩ ግን ራሴ ካልመጣሁ አልሰጥም አለ»፤ ይህቺ ዓረፍተ ነገር ብዙ ቤት ታድናለች። እምቢ ማለት ለማይችል ሰው እምቢ የሚልለት ይኑር። የምስጢር ቁጥር መለወጥ፣ ካርድ መመለስ፣ የተመዘገበውን ስልክ ማስቀየር፣ ሁሉም «ጠፋብኝ»፣ «አልቻልኩበትም» ተብሎ ያለ ጠብ የሚሠራ ነው።

ባንኩ ራሱ ጥፋተኛ ሲሆን ደግሞ፣ ብሔራዊ ባንክ እ.ኤ.አ. በ2020 ያወጣው ኤፍሲፒ/01/2020 የተባለው የፋይናንስ ተጠቃሚዎች ጥበቃ መመሪያ የፋይናንስ ተቋማት ቅሬታ የሚቀበሉበት ሥርዓት እንዲኖራቸው ያዛል። ቅሬታው መጀመሪያ ለቅርንጫፉ ይቅረብ፤ ቅጂውም ይያዝ።

ስልክ ለማስቀየር የሚሄድ ሰው ደብተሩንና መታወቂያውን፣ በተለይ ብሔራዊ መታወቂያውን ፋይዳን፣ ይያዝ። የእርሻ እጅ አሻራው ተፍቆ ማሽኑ አላነብ ቢል አትደንግጡ፤ ፋይዳ ሲመዘገብ ከአሥሩ ጣት ሌላ የዓይን አይሪስና የፊት ፎቶም ይወሰዳል። ባለ ሂሳቡ ራሳቸው ይቅረቡ፤ ሰልፉ የሚረዝምበት የደመወዝና የገበያ ቀን ይለፍና።