«ቮልስ ብረት፣ ቪትዝ ቆርቆሮ» ለምትሉ

ጋራዥ ውስጥ ያደግኩ የመካኒካል መሐንዲስ ነኝ። ሰሞኑን በውስጥ መስመር የሚደርሰኝ ጥያቄ አንድ ሆኗል፦ «የቮልስ ላሜራ ወፍራም ነው፤ ቪትዝ በጣት ሲጫኑት ይገባል። አደጋ ቢደርስ ቮልስ አይሻልም?»

አይሻልም።

የቪትዝ አፍንጫ እንዲጨማደድ ሆን ተብሎ ነው የተሠራው፤ የግጭቱን ኃይል እሱ በልቶት ጋቢናው ይተርፋል። የአሮጌው ቮልስ ሞተር ከኋላ ነው። ከፊት ያለው ሻንጣና ነዳጅ ታንክ ነው፣ ያውም እግራችሁ ፊት!

በ2009 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ውስጥ የ1959ኙን ሼቭሮሌት ቤል ኤር ከ2009ኙ ማሊቡ ጋር በ64 ኪ.ሜ. ፍጥነት አጋጯቸው። የግዙፉ ቤል ኤር ጋቢና ተጨፈለቀ፤ የማሊቡ ቅርጹን እንደያዘ ቀረ።

ለጥገና ከሆነ ግን ልቤ ከቮልስ ጋር ነው። በአየር ስለሚቀዘቅዝ ራዲያተር የለው፣ ውኃ አይጠይቅ። የጄኔሬተሩ ቀይ መብራት ከበራ ግን ወዲያው ቁሙ፤ ቺንጋው ተበጥሶ ከሆነ ማቀዝቀዣውም አብሮ ቆሟል።

ያገለገለ ቪትዝ የምትገዙ ደግሞ ቁልፉን ስታዞሩ የኤርባጉን መብራት እዩ። በርቶ መጥፋት አለበት። ጭራሽ ካልበራ፣ ሻጩን ሳትከፍሉ ጠይቁት። ሌላ ጥያቄ ያላችሁ ከታች ጻፉልኝ፤ የመኪናውን ዓመተ ምህረት አትርሱ።